አምበላችንን ሳልነግረው ልተወው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የአንድ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ደሞዝ የለኝም፤ ኳስ ስለምወድ ነው የምሠራው። ቡድናችንን ለአሥራ ሁለት ዓመት በአጥቂነት የመራው አምበላችን ዘንድሮ 34 ዓመት ሞላው። ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ አመሻሽ ላይ የሰፈሩን ታዳጊዎች በነፃ ያሠለጥናል። ቡድኑ ሊፈርስ በደረሰበት ዓመት ከኪሱ አውጥቶ ማልያ የገዛልን እሱ ነው። የሠርጌ ሚዜም እሱ ነበር። እናቱ ቤት ገብቼ ቡና ሳልጠጣ ወጥቼ አላውቅም።

ባለፉት ሁለት ክረምቶች ሩብ ፍጻሜ ላይ ቀረን። ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፍነው ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ በገባብን ጎል ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ ዋንጫ እፈልጋለሁ ብሎ ከሌሎች ሰፈሮች፣ ከለገሃሬና ከገንደ ቆሬ፣ ሦስት ልጆች ሊያመጣ ነው፤ አንዱ የ20 ዓመት አጥቂ ነው። ልጁን አይቼዋለሁ፣ ፈጣን ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አራት ሳምንት፣ ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ኮሚቴዎቹ «ለአምበሉ ምንም እንዳትነግረው፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ራሱ ያያል። ከጠየቀህ ጉልበትህ ይረፍ ብለን ነው በለው» አሉኝ። መዋጮ ከሚሰጡን ነጋዴዎች ደግሞ እሱ ከሌለ ሳንቲም አናወጣም የሚሉ አሉ። ባስቀረው ከዳሁት፣ ባሰልፈው የሌሎቹን 17 ልጆች ድካም ሜዳ ላይ በተንኩት ማለት ነው። ደግሞ ተናዶ ለሌላ ሰፈር ቢጫወትስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

የጨነቀው አሰልጣኝ፣ ከድሬዳዋ

*

ወንድሜ፣ እንቅልፍ የነሳህ ነገር የሚያስጨንቅ ነው። ግን ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደበላልቀዋል፤ ስትለያያቸው ሸክሙ ትንሽ ይቀልልሃል። አንደኛው አምበሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይሰለፍ አይሰለፍ የሚለው ነው። ይህ የኳስ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ሜዳ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ሳይነገረው ይቅር ወይ የሚለው ነው። ለዚህኛው ግን አሁኑኑ እመልስልሃለሁ፤ አታድርገው። የጉልበቱንም ምክንያት ከአፍህ አታውጣ። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ፣ ማታ ከልጆች ጋር ሲሮጥ ሰፈሩ ሁሉ እያየው «ጉልበትህ ይረፍ» ብትለው ማን ያምንሃል? አዲሱ አጥቂ በሁለተኛው ጨዋታ ቢጎዳስ፣ ያን ቀን «ጉልበትህ ዳነ፣ ና» ልትለው ነው?

አሁን ለራስህ ብቻ የምትመልሳቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። ይህ ሰው ሚዜህ ባይሆን፣ አምና ከሌላ ከተማ የመጣ የ34 ዓመት አጥቂ ቢሆን፣ ዘንድሮ ታሰልፈው ነበር? ደግሞስ ኮሚቴው ባይጎተጉትህ እሱን የማስቀረት ሐሳብ በራሱ ይመጣልህ ነበር? ሁለቱም መልስ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ልብህ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ከተጣሉ ደግሞ ገና ያላየኸው ነገር ስላለ በደንብ ማየት ይኖርብሃል።

ለማየት እንዲመችህ ከኳሱ እንጀምር። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ጎል እየገባብን ነው ብለሃል። ይህ የአጥቂ ጥፋት ነው ብለህ ከመፍረድህ በፊት ከሦስት ነገሮች የቱ እንደሆነ ለይ። የመጀመሪያው፣ አጥቂው ደክሞ በተጋጣሚ ተከላካዮች ላይ ጫና መፍጠር ሲያቆም እነሱ ኳሷን እንደልባቸው ይዘው እየወጡ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ አማካዮችህ ዝለው በመስመሮችህ መካከል ክፍተት እየሰፋ ይሆናል። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ አጥቂው ያለው ርቀት ከ35 ሜትር ገደማ ካለፈ መሐል ሜዳው የተጋጣሚ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ተጫዋች ዘግይተህ መቀየርህ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው በአሰልጣኞች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። የአምበሉ ድርሻ በዋናነት ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው። ችግሩ ከሌሎቹ ሁለቱ ከሆነ እሱን ብታስቀረውም ጎሉ በዚያው ሰዓት መግባቱ አይቀርም።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አራት የወዳጅነት ጨዋታዎች አድርግ። በሁለቱ አምበሉ ይጀምር፣ በሁለቱ ልጁ። ተጋጣሚዎቹ በአቅም የሚቀራረቡ ይሁኑ፤ አንዱን ከደካማ ሌላውን ከጠንካራ ቡድን ጋር ካጫወትክ ያየኸው አይጠቅምህም። ወገንተኛ ያልሆነ አንድ ሰው ደብተር ይዞ መሐል መስመሩ ላይ ይቀመጥ፣ ጨዋታውን በየ15 ደቂቃው ለስድስት ይክፈለው። በየክፍሉ ሦስት ነገር ብቻ ይቁጠር፤ አጥቂው ተቀብሎ ለወገን ያቀበለውን ኳስ፣ የተነጠቀውን ኳስ፣ የተጋጣሚ ተከላካይ ኳስ ሲይዝ ለመጫን የሮጠውን ሩጫ። ጎል ግን አይቁጠር። ጎል በየጨዋታው አንድ ሁለት ብቻ ስለሚገኝ በአራት ጨዋታ ከቆጠርከው የዕድል ጉዳይ ይሆናል፤ ሩጫውና ቅብብሉ ግን በየደቂቃው ስለሚደጋገም ቶሎ ይናገራል።

ቁጥሩ እስከ አራተኛው ክፍል ጥሩ ሆኖ ከዚያ በኋላ ከወደቀ ሰውዬው መጫወት ይችላል፣ 90 ደቂቃ ግን አይችልም ማለት ነው። ከመጀመሪያው 15 ደቂቃ ጀምሮ ዝቅ ካለ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። እስከ መጨረሻው ከልጁ ጋር እኩል ከሄደ ደግሞ ደብተሩን ይዘህ ኮሚቴ ፊት ቅረብ፣ ስለ አማካይ አውሩ። የእኔን ግምት ከጠየቅኸኝ የምታገኘው የመጀመሪያውን ይመስለኛል። በ34 ዓመት ቀድሞ የሚቀንሰው በላይ በላዩ በፍጥነት መሮጥና ከጨዋታ በኋላ ቶሎ ማገገም ነው፤ የኳስ ንክኪና የሜዳ እይታ ብዙ ይቆያሉ። አንድ ሰው ከሙሉ ጨዋታ በኋላ በደንብ ለማገገም 72 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በድሬ ሙቀት፣ ጨዋታ በየሦስት ቀኑ በሆነበት ውድድር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ላይ ለሚውል ሰው ይህ እረፍት አይገኝም። በፍላጎትና በወኔ ደግሞ አይሞላም።

ታዋቂ ተጫዋች መተካት ሁልጊዜ ክህደት አይደለም፤ ሁልጊዜ ብልህነትም አይደለም። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2001 ተከላካዩን ያፕ ስታምን ሸጦ የ35 ዓመቱን ሎራን ብላንን አመጣ፣ በዚያ የውድድር ዓመት ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ራሳቸው ውሳኔው ስህተት እንደነበረ በይፋ ተናግረዋል። በ2006 ደግሞ ጎል አግቢውን ሩድ ቫን ኒስትልሮይን ለሪያል ማድሪድ ለቀቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩናይትድ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፣ ተጫዋቹም በስፔን ሻምፒዮንና ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ያው አሰልጣኝ፣ ያው ድፍረት፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። ስለዚህ ኮሚቴው «ትልልቆቹም ያደርጉታል» ካለህ እውነት ነው፣ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ለአንተ ጉዳይ የሚቀርበው የጣሊያኑ ክለብ የሮማ አምበል ፍራንቼስኮ ቶቲ ነው። የካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ቶቲ 39 ዓመቱ ነበር። ቋሚ አሰላለፍ እየራቀበት ሲሄድ በቴሌቪዥን ቀርቦ ክብር እንደጎደለበት ተናገረ፤ አሰልጣኙ ሉቺያኖ ስፓሌቲም ከጨዋታ ስብስብ አውጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። ቅሬታውን ልብ በለው፤ ትልቁ ሕመሙ ተቀያሪ ወንበሩ አልነበረም፣ የተያዘበት መንገድ ነበር። በሚያዝያ ሮማ ከቶሪኖ ጋር ሲጫወት 2 ለ 1 እየተመራ ሳለ በ86ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል አግብቶ ቡድኑን 3 ለ 2 አሸናፊ አደረገው። የሰላሳ ዘጠኝ ዓመት እግር ለ90 ደቂቃ ባይሆንም ጨዋታ ሊቀይር ይችላል።

ታዲያ ለአምበልህ እውነተኛ ቦታ አዘጋጅለት። እየመራችሁ ከሆነ ከ60ኛው ወይም ከ65ኛው ደቂቃ ገብቶ ኳስ ይያዝላችሁ፣ የማዕዘንና የቅጣት ምት ይምታ፣ ዳኛውን እሱ ያናግር። እየተመራችሁ ከሆነ ልጁን አታስወጣ፤ ከልጁ ኋላ አስገባውና ሁለቱ አብረው ይጫወቱ። ተከላካዮች በልጁ ፍጥነት ከደከሙ በኋላ የአምበሉ ንክኪ የበለጠ ይጎዳቸዋል። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ፤ በ88ኛው ደቂቃ፣ 3 ለ 0 እየመራችሁ፣ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብለት ብለህ አታስገባው። አንዴ ከሆነ ምርቃት ነው፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ውርደት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። የውድድሩ ደንብ ስንት ቅያሪ እንደሚፈቅድም አሁኑኑ አጣራ። በትልልቅ ውድድሮች አምስት ቅያሪ ተፈቅዷል፤ የሰፈር ውድድር ግን የራሱ ደንብ አለው። ሦስት ብቻ ከሆነ አንዱን በየጨዋታው ለእሱ መያዝህ ምን እንደሚያስከፍልህ አስቀድመህ አስላ።

ስለ ሦስቱ ልጆችም ላንሣ። በእኔ እምነት ሦስት ይበዛል። እስከ ውድድሩ ስድስት ሳምንት አለህ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብትለማመዱ 18 ልምምድ ነው። በ18 ልምምድ አንድ አጥቂን ከቡድን ጋር ማዋሃድ ይቻላል። አጥቂ፣ አማካይና ተከላካይ በአንድ ጊዜ ከቀየርክ ግን ማን ለማን እንደሚሸፍን የሚያውቅ አይኖርም፣ ያ 70ኛው ደቂቃ ሲመጣ ደግሞ የሚያድነው መተዋወቅ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት በነፃ የተጫወቱት የሰፈሩ ልጆች እንግዶቹ የትራንስፖርትና የጫማ ብር ከተሰጣቸው መስማታቸው አይቀርም። የመልበሻ ቤት ኩርፊያ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የሚሰጥ ነገር ካለ በግልጽ ይነገር፣ ለሁሉም በአንድ ደንብ ይሁን። ከሌላ ሰፈር ስንት ተጫዋች እንደሚፈቀድ፣ ምን ዓይነት መታወቂያና መልቀቂያ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ አረጋግጥ። ያልተፈቀደ ተጫዋች ያሰለፈ ቡድን ሜዳ ላይ ቢያሸንፍም ፎርፌ ሊፈረድበት ይችላል።

ኮሚቴውን በቁጣ አትግጠመው። ገንዘብ የሚለምኑት፣ በሕዝብ የሚሰደቡት እነሱ ናቸው፣ የዋንጫ ጥማታቸውም ነውር የለበትም። ግን ሰብስባቸውና አሰላለፍ የሚያወጣው ማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንተ ከሆንክ ለአምበሉ የሚነግረውም አንተ ነህ፤ እነሱ ከሆኑ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው እነሱ ይንገሩት። መዋጮ እንከለክላለን የሚሉትን ነጋዴዎች በተመለከተ፣ እነሱን የሚያረጋጋቸው የአምበሉ የራሱ ቃል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከተዋረደ ያን ቃል አይሰጥም። በዝምታ ማስቀረት ለካዝናችሁም ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሁለት ጊዜ ታናግረዋለህ። የመጀመሪያው በዚህ ሳምንት፣ አዲሱ ልጅ ልምምድ ላይ ከመታየቱ በፊት ይሁን። አጭር ነው፤ «ኮሚቴው አጥቂ ሊያመጣ ነው፣ በአራት ጨዋታ ሁለታችሁንም አያለሁ፣ የወሰንኩትን ከማንም በፊት አንተ ትሰማለህ» በለው። ሰዓቱን ምረጥ። የድሬን ነገር ታውቃለህ፤ ከሰዓት በርጫ ላይ የተነሣ ወሬ ሳይመሽ ከከዚራ መጋላ ይደርሳል። ስለዚህ በጠዋት፣ ተማሪዎቹን አድርሶ ሲጨርስ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ አግኘው። ሜዳው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት አይሁን፣ እናቱ ቤትም አይሁን። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ባጃጁን አቁሞ ብቻችሁን የምትቀመጡበት ቦታ አይጠፋም። በስልክ አታድርገው።

ሁለተኛው ውሳኔው ነው። መግቢያ አታብዛ። «ከሰው እንዳትሰማው ብዬ መጣሁ። ዘንድሮ አብዛኛውን ጨዋታ ከመጀመሪያው አላሰልፍህም። የወሰንኩት እኔ ነኝ» በለው፣ ደብተሩን አሳየው፣ ያሰብክለትን ቦታ በደቂቃ ጭምር ንገረው። ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይረዝማል፣ ቃል ለመሙላት አትቸኩል። «እኔ ብሆን ኖሮ፣ ኮሚቴው ነው እንጂ» አትበል፤ ነገ ኮሚቴውን ሲጠይቅ ሁለታችሁም ትዋረዳላችሁ። «ላንተው ብዬ ነው» አትበል። ሚዜነቱን አታንሣ፣ እሱ ካነሣው ግን አትሽሽ፤ «ለዚያ ነው ራሴ የመጣሁት» ማለት ይበቃል። ምክትል አሰልጣኝነቱንም በዚያው ቀን አታቅርብለት፣ ማባበያ ይመስላል። ሦስት ቀን አሳልፈህ፣ በእውነት ከፈለግኸው ብቻ፣ ከእነ ሥራው ዝርዝር አቅርብለት።

ሲረጋጋ «አንተስ ምን ታስባለህ? ስንት ዓመት መጫወት ትፈልጋለህ?» ብለህ ጠይቀው። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት ላያውቅ ይችላል። ምናልባት እሱም ሌሊት ጉልበቱን እያሻሸ ሲያስበው የከረመ ነገር ይሆናል፤ ምናልባትም ይቆጣህ ይሆናል። ቢቆጣ አትከራከረው። በማግስቱ እናቱ ቤት ቡናህን እንደወትሮው ሂድና ጠጣ። ጉዳዩን አንተ እንዳታነሣው፣ ከመሄድም አትቅር። ለእሳቸው ከመሄድህ ይልቅ መቅረትህ ነው ብዙ የሚናገረው።

ለተጫዋቾቹ በዚያው ቀን አመሻሽ፣ እሱ ባለበት፣ በሁለት ደቂቃ ንገራቸው። እሱ ሜዳ ላይ በሌለ ጊዜ የአምበልነት የክንድ መለያው ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይምረጥ፤ አምበልነቱን ራሱን አትንጠቀው። የአምበሉን የማልያ ቁጥር ለአዲሱ ልጅ አትስጥ። ለልጁ ዘጠኝ ቁጥርን ካለበስከው የመጀመሪያዋን ኳስ ሲስት ሜዳው በሙሉ የአምበሉን ስም ይጠራል፣ የ20 ዓመት ልጅ ደግሞ ያን አይችለውም። ድሬ ለተጫዋች ያላትን ፍቅር አታጣውም፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የኢትዮጵያ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚሁ ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫዋች ነበር፣ ስሙም ዛሬ ድረስ ይነሣል። ልጁ በዚህ ፍቅር ፊት ብቻውን አይቁም። ከልምምድ በኋላ 15 ደቂቃ ከአምበሉ ጋር ይቆዩ፤ ለኳሷ በሚቀርበው የጎል ቋሚ በኩል ሰብሮ መግባት፣ ጀርባን ሰጥቶ ኳስ መያዝ ያስተምረው። ደጋፊው ሁለቱን አብረው ሲሠሩ ካየ ግማሹ ጩኸት ከወዲሁ ይበርዳል።

ይህ የመጨረሻ ዓመቱ ከሆነ በውድድሩ መሐል ሳይሆን አስቀድማችሁ ቀን ቁረጡለት። ቶቲ ግንቦት 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ከጄኖዋ ጋር ተቀይሮ ገብቶ ሲሰናበት የአምበልነት መለያውን ያስረከበው ለክለቡ ታዳጊ ነበር። የእናንተም አምበል ያሠለጠናቸው ልጆች አሉ። ያኔ ከኪሱ የገዛውን ማልያ ወጪም ኮሚቴው አስልቶ ይመልስለት፤ አልቀበልም ካለ ለታዳጊዎቹ ኳስ ይገዛበት።

ለሌላ ሰፈር ልጫወት ቢልስ? መብቱ ነው፣ መልቀቂያውን በሁለት ቀን ውስጥ ፈርመህ ስጠው። ምዝገባው እስኪዘጋ ወረቀት ይዞ ማቆየት በብዙ ቡድኖች የሚሠራ ክፉ ልማድ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚታረቅ ጓደኝነት ጥቂት ነው። ሄዶ ቢገጥማችሁና ቢያገባባችሁም ከጨዋታው በኋላ መጀመሪያ የምትጨብጠው እጅ የእሱ ይሁን። እንግዲህ ጊዜህ አራት ሳምንት ነው፤ ጨዋታዎቹን በሁለቱ ጨርስ፣ በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ውሳኔህን ንገረው። ለራሱ የሚያስብበት፣ ከፈለገም ሌላ ቡድን የሚያነጋግርበት ቢያንስ አሥር ቀን ይኑረው።